ከመጀመሪያው ኩሬ የጠጡት

ጋኔን ታየ፣ ዛር ተሰማ ሲባል ፈገግ ብዬ የማልፍ ሴት ነኝ፣ ሥራዬም ውኃ መመርመር ስለሆነ በጠርሙስ ቀድቼ ያልለካሁትን ነገር ማመን ይከብደኛል፤ ይህን የምነግራችሁም ላስፈራራችሁ አይደለም፣ የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

የምሠራው ከቡሬ ብዙም በማትርቅ፣ ስሟን በምተዋት ትንሽ ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ ነው። የከተማው ፍሳሽ በቱቦ መጥቶ ወደ መጀመሪያው ኩሬ ይገባል፣ ጭቃው እዚያ ይዘቅጣል፣ ከዚያ ከኩሬ ወደ ኩሬ ሲያልፍ እየጠራ ሄዶ ከመጨረሻው ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ማጣሪያው ከመሠራቱ በፊት ፍሳሹ እንዳለ ወንዝ ይገባ ስለነበር ከታች ያሉ ገበሬዎች ከብት አልቆባቸዋል፤ አንዱ አያ ታከለ ናቸው፣ የአዊ ተወላጅ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ። ወንዙ ከጠራ በኋላም አላመኑትም፣ ከብቶቻቸውን ሩቅ ምንጭ ድረስ ይነዱ ነበር። ሚያዝያ ላይ ምንጩ ሲደርቅባቸው ግን ለምኜ አመጣኋቸው፣ የሚለቀቀውን ውኃ አሳየኋቸው፣ በእጃቸው ጨለፍ አድርገው አሸተቱና ነገ ከብቶቹን እንደሚያመጡ ነግረውኝ ሄዱ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነው፣ መብራት ጠፍቶ ሞተሩም ዝም ብሏል፣ ፉጨት ሰማሁ። ከብት ውኃ ሲያጠጡ የሚፏጨውን፣ ያንን ቀስ ያለውን ታውቁት የለ? አያ ታከለ ነገ ያሉትን ዛሬ አደረጉት ብዬ ወደ ድምፁ ሄድኩ። ፉጨቱ የሚመጣው ግን ከወንዙ አልነበረም፣ ከመጀመሪያው ኩሬ ነው፣ ፍሳሹ ሳይጣራ ከሚገባበት።

እመኑኝ፣ ከብት አልነበረም። አጥሩ ደህና ነው፣ በሩን የቆለፍኩት ራሴ ነኝ። ኩሬው ላይ የተጋገረው አረፋ ግን ከዳር በኩል እዚህም እዚያም ክፍት ክፍት እያለ ነበር፣ ልክ አፍ እንደገባበት፣ ውኃ ሲማግም ይሰማኛል፣ በብዛት፣ እንደ ተጠማ መንጋ።

«አያ ታከለ?» ብዬ ተጣራሁ።

ፉጨቱ ቆመ። የመማጉ ድምፅም አንድ ላይ ቆመ፣ ሁሉም ቀና ብለው ያዩኝ መሰለኝ። ሳልሮጥ ወጣሁ፣ ለምን እንዳልሮጥኩ እስካሁን አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት አያ ታከለ ከብቶቻቸውን ይዘው ወንዙ ዳር መጡ፣ ከብቶቹም ሳያንገራግሩ ጠጡ። ደስ አለኝ። እሳቸው ግን አላፏጩላቸውም፣ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ትናንት ከኩሬሽ በኩል ሲፏጭ ከቤቴ ሆኜ ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ልጄ፣ ዝም አልሽው ወይስ ተጣራሽ?»

«ተጣራሁ።»

«ማን ብለሽ?»

እርስዎ መስለውኝ በስምዎ ነው የጠራሁት አልኳቸው። ከብቶቹ ጠጥተው እስኪጨርሱ እንኳ ሳይጠብቁ ነድተው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ከብቶቹን የምታመጣው ትልቋ ልጃቸው ናት። ውኃውን ዘወትር እለካለሁ፣ ንጹሕ ነው፣ ከብቶቹም ወፍረዋል። አባቷ እንዴት እንደሆኑ ስጠይቃት ደህና ናቸው ትለኛለች፣ ብቻ አመሻሽ ላይ በሩን ዘግተው ይቀመጣሉ፣ ከቤተሰቡም ማንም ስማቸውን ጮክ ብሎ እንዳይጠራ ከልክለዋል፣ አሁን ሲጠራ አቤት የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም ብለው።