ድንጋዩን ማን ነካው?

«ማን ነው የነካው?»

ዴልማ በግንባሯ ያንጠለጠለችውን የተጠለፈ የገመድ ከረጢት፣ ቢለሟን እንኳ ሳታወርድ ግቢው መሃል ቆማ ጮኸች። ጠዋት በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ፣ ከነጭቃው ጣራው ሥር የሰቀለችው የድንጋይ ዕቃ አሁን መሬት ላይ ተቀምጧል። ጭቃ የሚባል ነገር የለበትም። ጎድጓዳው ሆዱ ድረስ ተፈትጎ፣ በስብ ተለውሶ ያብረቀርቃል። ጠርዙ ላይ የተቀረጸችው የወፍ ራስ ደግሞ ቀይ አፈር ተቀብታለች።

አያቷ ኒኪንት ከዕቃው አጠገብ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጣቶቻቸው በአሳማ ስብ ወዝተዋል። ደስ ብሏቸዋል! ዴልማን ከሁሉ በላይ ያናደዳት ይኸው ደስታቸው ነው።

«መጣሽ? ነይ እዪው» አሏት። «በአሸዋ ፈትጌ አጠብኩት። ውስጡ የተጋገረው ቆሻሻ አልለቅ ብሎኝ ነበር፤ በቀርከሃ ፍቄ አወጣሁት።»

«ቆሻሻ? ቆሻሻ ነው ያሉት?»

ባለፈው ሰሞን የስኳር ድንቹን ማሳ ቦይ ስታጠልቅ አካፋዋን የመለሰው ይህ ዕቃ ነው። በሁለት እጅ ይያዛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ፈላስፋ ሆነ። አጎቷ መብራት ነው አለ። የፓስተሩ ሚስት የሰይጣን ሳህን ስለሆነ ወንዝ ጣሉት አለች። የአክስቷ ልጅ ዋክ መርዝ መቀመሚያ ነው ብሎ ክፍሉን አስፈራራ። የቀረው ሰው «የድሮ ሰዎች ነገር ነው» እያለ አለፈ። ዴልማ ይህችን መልስ አትወዳትም። በየማሳው ያሉትን አሮጌ ቦዮች ማን ቆፈራቸው ብትል፣ የድሮ ሰዎች። ወፏስ ምን ወፍ ናት ብትል፣ የድሮ። ድሮ መልስ ነው እንዴ?

መልስ አለ ያለቻት የሳይንስ መምህሯ ሚስ ቬሮ ብቻ ናት። «እንዳታጥቢው» አለቻት። «ድንጋይ ቀዳዳ አለው። የተፈጨበት ነገር ብናኝ ስንት ሺህ ዓመት ውስጡ ተጣብቆ ሊቆይ ይችላል። ከዋና ከተማው ከፖርት ሞርስቢ እንዲህ ያለ ዕቃ የምታጠና ሴት ትመጣለች። በማይክሮስኮፕ አይታ ጎደሬ ይሁን ሙዝ፣ ቀለም ይሁን መድኃኒት ትነግርሻለች።» ሴትዮዋ የምትመጣው ነገ ነው። ነገ!

«አባባ፣ ማንም እንዳይነካው አላልኩም?»

«ብለሻል። ግን ድንጋይ ከመሬት ሲወጣ ተርቦ ነው የሚወጣው። ሳይታጠብ፣ ሳይቀባ ከተሰቀለ ያወጣውን ሰው ይይዛል። ካወጣሽው ጀምሮ ትስያለሽ።»

«ጉንፋን ነው እኮ! ክፍሉ በሙሉ ጉንፋን ይዞታል!»

«እኔ ክፍሉን አላውቅም። የማውቀው አንቺን ነው።»

ይህ ሌላ ቀን ቢሆን አንጀቷን ይበላት ነበር። ዛሬ ግን ደሟን አፈላው። ለሷ ብለው ነዋ! ለሷ ብለው ነው የፈለገችውን ብቸኛ ነገር በቀርከሃ ፍቀው የደፉት።

«አንተ ምንም አታውቅም!»

አያቷን አንተ ብላ አታውቅም። ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ራሷም ደነገጠች፤ ግን አልመለሰችውም።

ኒኪንት ጣቶቻቸውን በሣር ጠረጉ። «እውነትሽን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አባቴም እንዲህ ያለ ነበረው። ምን ይሠራል ብዬ ስጠይቀው ስታድግ እነግርሃለሁ አለኝ። ከዚያ ሚሲዮኖቹ መጡ፤ አባቴ ተጠመቀና ድንጋዩን ዋጊ ወንዝ ወረወረው። አድጌ ብጠይቀው አፍሮ ዝም አለ። ሲያጥበውና ሲቀባው ያየሁትን ነው ዛሬ ያደረግኩት። ሌላ የማውቀው የለም።»

ዴልማ በዚህ ሰዓት ለማንም ማዘን አልፈለገችም። ዕቃውን አንስታ ወደ ቦዩ ሄደች።

ዋክ ሸንኮራውን እያኘከ ተከተላት። «ሰማሁ። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።»

«ሂድልኝ።»

«አታካብጂ ባክሽ። መላ አለኝ። ስቡን በሳሙና እናስለቅቃለን። ጎደሬ ወቅጠን ውስጡን እንለቀልቅና እሳት ዳር እናደርቀዋለን። ከላይ የቦዩን ጭቃ መለጠፍ ነው፤ በቃ።»

«ሴትዮዋ ማይክሮስኮፕ አላት፣ ደደብ።»

«እኮ! በማይክሮስኮፕ አይታ ‹ጎደሬ ነው› ትላለች። ላንቺ ይጨበጨብልሻል፣ አያትሽ አይዋረዱም። ማን ተጎዳ?»

ክፋቱ፣ ነገሩ የሚያስኬድ መሆኑ ነው። ዴልማ ከቦዩ ዳር አንድ ጎደሬ መነጨቀች፣ ላጠችው፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ መውቀጥ ጀመረች። እንዴት አድርጋ ወቀጠችው! በእያንዳንዱ ምት አያቷን፣ የፓስተሩን ሚስት፣ ወንዙን ሁሉ ወቀጠች። ጥሬው ጎደሬ እጇን እስከ ክርኗ አሳከካት።

«በቃ በቃ፣ ወጥ ልትሠሪበት ነው እንዴ?» አለ ዋክ። «አሁን ለቅልቂው።»

ዴልማ ከተወቀጠው በጣቷ አነሳችና ዕቃው ላይ ጎንበስ አለች። ነገ ሴትዮዋ ጎደሬ ትላለች። ሚስ ቬሮ ሰሌዳው ላይ ትጽፈዋለች። አጎቷ ይቀበላል፣ ትንንሾቹ ልጆችም ተምረውት ያድጋሉ። ሁሉም መልስ ያገኛል፤ እሷ ብቻ መልሱ የዋክ ጎደሬ መሆኑን እያወቀች እዚያ ትቀመጣለች። ደግሞስ አያቷ ሁሉንም ፍቀው ባይጨርሱትስ? ከወፏ አንገት ሥር ቀርከሃው ያልደረሰበት አንዲት ቅንጣት ቀርታ ቢሆንስ? እሷንም በገዛ እጇ ልትደፍናት ነው።

የወቀጠችውን አፍሳ ቦዩ ውስጥ ወረወረችው።

«አበድሽ?»

«አዎ፣ አብጃለሁ። ባላብድ አንተን እሰማ ነበር?»

ስትመለስ ኒኪንት ከተቀመጡበት አልተነሱም። ዴልማ ዕቃውን መሃላቸው አስቀመጠችና ራቅ ብላ ተቀመጠች። የሚያሳክካትን እጇን አከከች።

«አባባ፣ ነገ ትምህርት ቤት አብረን እንሄዳለን። በምን እንደፈተጉት፣ በምን እንደፋቁት፣ ስቡ ከማን አሳማ እንደሆነ አንድ ሳያስቀሩ ለሴትዮዋ ይነግሯታል።»

«ሰው ፊት ትሰድበኛለች?»

«እኔ ሰድቤ ጨርሻለሁ። ለሷ የተረፈ ስድብ የለም።»

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው። ዴልማ ግን ፊቷን አልፈታችም።

«አይሳቁ። አሁንም ተናድጃለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ነገም እናደዳለሁ።»

«ተናደጂ» አሏት። «ብቻ ድልድዩ ጋ ስንደርስ እጄን ያዢኝ፤ ግንዱ ያዳልጣል።»

«እይዝዎታለሁ» አለች፣ ወደሳቸው ሳታይ።