በሰልመር ቤት የገባው ሙቀት

ሰልመር ሃውገን ረቡዕ ጠዋት በተጎታች ቤታቸው ውስጥ፣ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ብርድ ልብሱ እስከ አገጫቸው ድረስ ተስቧል፤ ፊታቸው እንደ ጤነኛ ሰው ፊት ቀልቷል። ውጭ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት ነበር።

የወረዳው መርማሪ አርሊስ ብራንድቮልድ ጓንቷን ሳታወልቅ አስከሬኑ አጠገብ ቆማ ያን ቅላት ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ብዙ ጊዜ አይታዋለች። ሽታ የሌለው የጋዝ መርዝ የገደለው ሰው ነው እንዲህ የሚቀላው። ከአልጋው ግርጌ ጋዙን ጨርሶ የጠፋ አነስተኛ የጋዝ ምድጃ አለ። ከአልጋው በላይ ያለው የጣሪያ መተንፈሻ ደግሞ ሁለት ጣት ያህል ተከፍቷል።

እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነበር። በሰሜን ዳኮታ የነዳጅ ጉድጓዶች መካከል ባለው በዚያ የተጎታች ቤቶች ሰፈር ክረምትን እንዴት ማለፍ እንደሚቻል ለሁሉም ያስተማሩት ሰልመር ናቸው። ጡረታ የወጡ የቧንቧ በያጅ ነበሩ። ከወለሉ በታች ነፋስ እንዳይገባ ዙሪያውን በጭድ እስር መክበብን፣ የውሃ ቱቦን በሚሞቅ የኤሌክትሪክ ሽቦ መጠምጠምን፣ መስኮትን በፕላስቲክ መሸፈንን እየዞሩ ያሳዩ ነበር። ከሁሉም በላይ የሚደጋግሙት ግን አንድ ነገር ነው፦ ጋዝ በሚነድበት ቤት መተንፈሻ አይዘጋም። እሳቸው እንዳስተማሩት ሁለት ጣት ተከፍቶ ከነበረ ታዲያ ምን ገደላቸው?

ሰፈሩ መልስ አላጣም፤ ድዋይት ፕሩዊት ነው አለ። ድዋይት ከሰልመር አጠገብ ባለው ተጎታች ውስጥ ከሚስቱና ከሦስት ወር ልጁ ጋር የሚኖር የጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ሰኞ ዕለት የሰልመርን ዋና ማሞቂያ ፈታትቶ ጠግኖ ነበር። ማክሰኞ ቀትር ላይ ማሞቂያው ጨርሶ ጠፋ፤ ሁለቱ በር ላይ ቆመው ሲጯጯሁ ሰው ሁሉ ሰምቷል። በዚያ ላይ መርዝ ሲኖር የሚጮኸው መሣሪያ ከሰልመር ግድግዳ ላይ የለም፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ ብቻ ቀርተዋል። መሣሪያው የተገኘው ድዋይት ቤት ነው።

ድዋይት ሲጠየቅ አንገቱን ደፋ። «ራሳቸው ናቸው የሰጡኝ» አለ። «ልጁ እንደተወለደ ይዘውት መጡ። እኔ ሸምግያለሁ፣ ይሄ ትንፋሽ ግን ገና ጀማሪ ነው አሉኝ። ማን ያምነኛል?»

የሰልመር ልጅ ካሪ አላመነችውም። ካሪ እናቷ ከተቀበረች ወዲህ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ አባቷን አላነጋገረችም ነበር። እሑድ ዕለት ከአሪዞና መጥታ ታረቁ። ተጎታቹ ለሁለት ስለሚጠብ የምታድረው በሰፈሩ ባለቤት በቨርና ቤት ነው። አርሊስ ስለ ማክሰኞ ምሽት ስትጠይቃት እንባዋን እየዋጠች መለሰች።

«ስገባ ቤቱ በረዶ ነበር። ብርዱ በቀጥታ አናታቸው ላይ ይወርዳል። እግራቸውን አሸሁላቸው፣ ሾርባ አጠጣኋቸው፣ ተኙ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስወጣ ቤቱ ሞቆ፣ ጉንጫቸው ደም መስሎ ነበር። ደህና ትቻቸው ነው የሄድኩት። ያ ሰውዬ ይታሰርልኝ።»

አርሊስ የጻፈችውን መልሳ አነበበችና ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም።

ቨርና ስድሳ አራት ዓመት የሆናት አጭር ሴት ናት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት ሰልመር ጋ ስልክ ትደውል ነበር። ረቡዕ ዕለት ስልኩ ሳይነሳ ሲቀር በረዶውን እየጣሰች ሄዳ አስከሬኑን ያገኘችው እሷ ናት። ምንም አልነካሁም አለች። መተንፈሻውስ? ክፍት ነበር አለች፤ ይህን ስትል ግን ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነበር።

አርሊስ መሰላል አስመጥታ ጣሪያው ላይ ወጣች። ቀጥሎ የሰልመርን መስኮቶች ከጎረቤቶቹ መስኮቶች ጋር አስተያየች። በመጨረሻም ድዋይት ቤት ገብታ መሣሪያውን ከግድግዳው ላይ ነቀለች፤ ጀርባውን አንብባ ወጣች።

ሐሙስ ቀትር ላይ ሁሉንም ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ በሰፈሩ ውስጥ ለብዙ ሰው የሚበቃ ሙቅ ክፍል ያ ብቻ ነው። ከመጀመሯ በፊት ካሪን ወደ ጥግ ጠርታ «አንቺን ለብቻሽ ባናግርሽ ይሻላል» አለቻት።

ካሪ አሻፈረኝ አለች። «እዚሁ ይናገሩት። ድዋይት ሲሰማው ዓይኑን ማየት እፈልጋለሁ።»

አርሊስ ጀመረች።

«መጀመሪያ መሣሪያው። ሰልመር የሰቀሉት ዕቃ ሁሉ ጀርባ ላይ ቀኑንና ቦታውን የመጻፍ ልማድ ነበራቸው። እዚህ ላይ በእጃቸው የተጻፈው ‹ድዋይት ቤት፣ ኖቬምበር አሥራ ዘጠኝ› ይላል። ስለዚህ አልተሰረቀም፤ ራሳቸው ናቸው የሰቀሉለት። ሁለተኛ፣ ዋናው ማሞቂያ። ፊውዙ ተቃጥሎ ከማክሰኞ ቀትር ጀምሮ አልነደደም። ያልነደደ እሳት መርዝ አያመጣም። መርዙ የመጣው ከትንሹ ምድጃ ነው።»

«መተንፈሻው ክፍት ነበር እኮ» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ጠዋት ክፍት ነበር፤ ሌሊቱን ግን ተዘግቶ ነው ያደረው። ክዳኑን ከጣሪያው ጋር ያጣበቀ የበረዶ ቀለበት አገኘሁ፤ ስብራቱ ገና ትኩስ ነው። ክፍት ያደረ ክዳን እንዲህ አይጣበቅም። የሁላችሁም መስኮት ላይ ያለው ውርጭ ስስ ነው፤ የሳቸው ግን የጣት ውፍረት አለው። እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ነበር።»

አርሊስ መዝገቧን ገለጠች።

«በረዶው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ጥሏል። እኔ ስደርስ ወደ በሩ የሚወስደው ዱካ የአንድ ሰው ብቻ ነበር። ከመተንፈሻው ሥር በርጩማ ቆሟል፤ መቀመጫው ላይ ከጫማ የረገፈ በረዶ አለ። እጀታው ጋ ለመድረስ በርጩማ የሚያስፈልገው አጭር ሰው ነው። ቨርና፣ ልናገር ወይስ ትናገሪያለሽ?»

«ስገባ ተዘግቶ ነበር» አለች ቨርና ቀስ ብላ። «ሰልመር አይዘጋውም። ማን አምሽቶ እንደነበረ ደግሞ አውቃለሁ። በርጩማው ላይ ወጥቼ ከፈትኩት። እሱ አንዴ ሞቷል፣ እሷ ለምን ትሙት አልኩ።»

«ድዋይትስ?» አለች አርሊስ።

«ድዋይትን አላሰብኩትም። በኋላ ሰው ሁሉ ስሙን ሲያነሳ ዝም አልኩ። ኃጢአቴ ይህ ነው።»

ካሪ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተመለከተች። ገና አልገባትም ነበር። አርሊስ መጥታ ፊት ለፊቷ ተንበረከከች።

«ልጄ፣ ስትገቢ በረዶ ነበር፣ ስትወጪ ሞቆ ነበር አልሺኝ። በዚህ ብርድ መተንፈሻው ተከፍቶ በዚያች ምድጃ ያ ቤት አይሞቅም። የአባትሽ ትከሻ ከተሰበረ ወዲህ እጃቸው ወደ ላይ አይዘረጋም፤ እጀታውን የሚያዞሩት በዱላ ነው፤ ዱላው ደግሞ በሩ ጋ ካፖርት ሥር ተሰቅሎ ነው ያገኘሁት። አንቺ ረጅም ነሽ።»

ካሪ እጆቿን አየቻቸው። «የተበላሸ መስሎኝ ነበር» አለች። «አናታቸው ላይ ይነፍስባቸዋል... አጥብቄ ዘጋሁት። እንዳይበርዳቸው።»

ከሞቀ አገር ለመጣች ልጅ የመተንፈሻውን ነገር የነገራት አንድም ሰው አልነበረም፤ በሰፈሩ ሁሉ ይህን የሚናገሩት ሰልመር ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ተኝተው ነበር።

«ተሰቃይተዋል?» ብላ ጠየቀች ካሪ።

«አልተሰቃዩም። እንቅልፍ እየከበዳቸው ነው የሄዱት» አለች አርሊስ። ይህ እውነት ነበር፤ እውነት ባይሆንም ኖሮ ትለው ነበር።

ያን ጊዜ ቨርና አንገቷን ቀና አደረገች። «ከሄድሽ በኋላ ነቅቶ ደውሎልኝ ነበር። ድምፁ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ‹ቨርና፣ ልጄ እግሬን አሸችልኝ፤ ዘንድሮ ገና ዛሬ ሞቀኝ› አለኝ። ስለ ቤቱ ሙቀት ሳይሆን ስለ አንቺ የሚያወራ ነው የመሰለኝ። አሁንም እንደዚያ ነው የሚመስለኝ።»

አርሊስ መዝገቧ ላይ «አደጋ» ብላ ጽፋ ዘጋችው። ቨርናን ስለ ውሸቷ በኋላ ቢሮ ጠርታ ገሠጸቻት እንጂ አልከሰሰቻትም። ሰዎቹ አንድ በአንድ፣ ከድዋይት ጋር ዓይን ለዓይን ላለመተያየት አቀርቅረው ወጡ። ካሪ ወደ እሱ ሄዳ ቆመች። ይቅርታ የሚለውን ቃል ጀምራ አልጨረሰችውም።

ድዋይት ኮፍያውን አወለቀ። እሱም ማሞቂያውን ደግሞ ሊያየው ቃል ገብቶ፣ ከጭቅጭቁ በኋላ ተናዶ ሳይመለስ ወደ ሥራው እንደሄደ ነገራት። ከዚያ ካፖርቷን ከመስቀያው አውርዶ ያዘላት።

«ባለቤቴ ምሳ ሠርታለች» አለ። «ልጁን ትይዥልናለሽ፤ ዛሬ ብቻሽን አትዋይም።»

ካሪ እጇን ወደ ካፖርቱ እጅጌ ሰደደች። ሁለቱ በበረዶው ላይ፣ እሱ ፊት ፊት በእግሩ እየጠረገ፣ እሷ የእሱን ዱካ እየረገጠች ሄዱ።