ከምድር ቤት የመጣው መልስ

አሠልጣኙ ሞቶ የተገኘው በምድር ቤቱ የመሣሪያ ክፍል፣ ከብረቱ መደርደሪያ ሥር በጀርባው ተዘርሮ ነበር። የጭንቅላቱን ኋላ የመደርደሪያው ጠርዝ መትቶታል። ቀኝ እጁ የኬብል ጫፍ መግጠሚያውን ጉጠት አልለቀቀም፤ የማንበቢያ መነጽሩ በአንድ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሏል፤ በሸሚዙ ኪስ ያለችው ትንሽ የእጅ ባትሪ አልበራችም። በዚያ ምሽት መብራት ጠፍቶ ስለነበር፣ በጨለማ ተደናቅፎ ወደቀ ተባለ። ሐኪሙ ግን በአንገቱ ዙሪያ የኮሌታ ሰንበር አገኘ። አንድ ሰው ጨምድዶ ይዞ ገፍትሮታል።

መርማሪዋ ጉዳዩን ስትረከብ የሟቹ ሚስት ወንድም ታስሮ ነበር። ከሌሊት ተረኛነቷ በቀጥታ የመጣች በመሆኗ ዓይኗ ቀልቶ፣ እግሯ ከብዷት ነበር። የሟቹ ሚስት በር ላይ ጠበቀቻት።

«መርማሪዋ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ነፍስ ይማር።»

«ባሌን ዛሬ ከሰዓት እቀብራለሁ። ወንድሜን ግን በቁሙ አትቅበሩብኝ። እናታችን ስትሞት አደራ ብላ የሰጠችኝ እሱን ነው።»

«ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«የማይጣላ አማች የት አለ? ባሌ ‹ዘመዴ ስለሆንክ ከሌላው እጥፍ አጥና› ይለው ነበር። ሲነታረኩ ይውሉና ማታ ከአንድ ሳህን ይበላሉ።»

መርማሪዋ ተስፋ መስጠት አልወደደችም። አንገቷን ነቅንቃ ገባች።

ቤቱ የስልክ ድርጅት ማሠልጠኛ ነበር። ድርጅቱ የመዳብ መስመሮቹን እየነቀለ ስልኩን ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ያዞር ስለነበር፣ ሠራተኞቹ የኔትወርክ ባለሙያነት ፈተና እንዲያልፉ ታዘዋል። የምስክር ወረቀቱን ያላገኘ ይሰናበታል። ማን ለፈተና እንደሚቀርብ የሚወስነው ደግሞ አሠልጣኙ ነበር። ባለፈው ምሽት በላይኛው አዳራሽ ሦስት ሠልጣኞች ሲለማመዱ አምሽተዋል፤ አማቹ፣ አንዲት የጥሪ ማዕከል ሠራተኛና ወጣትነቱን በስልክ ምሰሶ ላይ የጨረሰ አንድ አዛውንት የመስመር ጠጋኝ። ሰው ሁሉ አዛውንቱን «አባ ሽቦ» ይለዋል።

«ግቢ ልጄ፣ ተቀመጪ» አላት አባ ሽቦ። «ፊትሽ እንቅልፍ አጥቷል።»

«እንቅልፉም እኔን ሲፈልግ አድሯል፣ አባ። እስቲ የትናንቱን ይንገሩኝ።»

«እሱ ታች ነበር፣ እኛ እዚህ። መብራቱ ድርግም አለ። ልጁ፣ አማቹ፣ ‹ቆጣሪውን ልየው› ብሎ ወደ ግቢ ወጣ። እኔ ደግሞ ሰውዬው በጨለማ ደረጃ ላይ እንዳይሰበርብን ብዬ ወደ ምድር ቤት ደወልኩ።»

«በሞባይል?»

«ምድር ቤት ሞባይል የት ይሠራል! በዚህ በጠረጴዛው ስልክ ነው እንጂ። አነሳው። ‹ደህና ነኝ፣ እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዘጋለሁ› አለኝ። በፈተና ሰሞን እዚሁ ያድራል፤ ምን ብዬ ልጠርጥር? ጥሪ ማዕከል የምትሠራዋም አጠገቤ ሆና ስናገር ሰምታለች። ተያይዘን ወጣን።»

«አማቹስ?»

«ጨለማው ውስጥ ብቻውን የነበረ እሱ ነው። እግዜር ይወቀው፤ እኔ በሰው ልጅ ላይ አልመሰክርም።»

ይህን ሲል መስክሮ ጨርሶ ነበር።

የጥሪ ማዕከል ሠራተኛዋ በሥራዋ የለመደችው ለስላሳ ድምፅ ዛሬ ተሰነጣጥቋል።

«አባ ሽቦ ሲያወሩ ሰምተሻል?»

«አዎ። ‹ደረጃው ላይ ተጠንቀቅ› ሲሉ።»

«የአሠልጣኙን ድምፅስ?»

«ስልኩ እኮ እሳቸው ጆሮ ላይ ነበር።»

«መብራት ከመጥፋቱ በፊት ወደ ታች የወረደ አለ?»

«እሳቸው። ኬብል ላምጣ ብለው።»

«አመጡ?»

ትንሽ አሰበች። «ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አልቧቸው ነበር፤ ደረጃው ነው ብዬ…»

«አማቹስ?»

«እሱ መብራት እስኪጠፋ ከወንበሩ አልተነሳም። አንድ ልምምድ እምቢ ብሎት ሲራገም ነበር።»

መርማሪዋ ከጠረጴዛው ላይ ስልኩን አንስታ ገለበጠችው። አንዲት ቀጭን ኬብል ብቻ ተሰክታበታለች።

«የኤሌክትሪክ ገመዱ የታለ?»

«የለውም።»

«ታዲያ ኃይል ከየት ያገኛል?»

«በዚሁ በኬብሉ… ታች ካለው መሣሪያ…» የቃሏ መጨረሻ ሰመጠ። የሻሿን ጫፍ ማጠፍና መዘርጋት ጀመረች። «እኔ የማውቃቸው ደግ ሰው መሆናቸውን ነው። ሥራ ስጀምር እጄን ይዘው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ይህን ማንም አልጠየቃትም ነበር።

መርማሪዋ ወደ ምድር ቤት ወረደች። በአሠልጣኙ ጉጠት ውስጥ የቀረውን የኬብል ጫፍ መብራት ሥር አስጠግታ አየችው። ስምንት እንደ ክር የቀጠኑ ሽቦዎች በየቀለማቸው ተራ ይዘው፣ አንዱም ሳይሳሳት ወደ መሰኪያው ገብተዋል። የቀረው መጭመቅ ብቻ ነበር። የግቢውን ጠባቂ ጠራችው።

«መብራት ሲጠፋ እነዚህን መሣሪያዎች የሚይዝ ባትሪ የለም?»

«ነበር። ከሞተ ቆየ። ሟቹ ‹ቀይሩልኝ› እያለ ደጅ ሲጠና ነው የኖረው።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁሉም በአዳራሹ ተሰበሰቡ። የሟቹ ሚስት ጥቁር ለብሳ፣ እጁ በካቴና ከታሰረው ወንድሟ ጎን ተቀመጠች።

«አባ፣ እንደዚያ ምሽት ወደ ታች ይደውሉልን» አለች መርማሪዋ። «አንድ ፖሊስ ይጠብቃል።»

አባ ሽቦ ደወለ። «አቤት» የሚል ድምፅ ከታች መጣ።

«ይዝጉት።» መርማሪዋ ለጠባቂው ምልክት ሰጠች። የቤቱ ዋና ማብሪያና ማጥፊያ ቀጭ አለ። አምፖሎቹ ጠፉ፤ የስልኮቹ መስኮቶችም አብረው ጠቆሩ። «አሁን ይደውሉ።»

አዛውንቱ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። ቁጥር አልነካም።

«አሠልጣኙ የሞተው በብርሃን ነው» አለች መርማሪዋ ሳትቸኩል። «በጨለማ ማንም ስምንት ቀለም ለይቶ አይደረድርም፤ መነጽርም አያደርግም። ጨለማው ቀድሞት ቢሆን በእጁ የምትገኘው የኪሱ ባትሪ ነበረች። እንግዲህ ጥያቄው በጨለማ ብቻውን የነበረው ማነው የሚለው አይደለም፤ በብርሃን የወረደው ማነው የሚለው ነው። አማቹ ከዚህ ወንበር አልተነሳም። የወረዱት እርስዎ ነዎት፤ የሄዱበትን ኬብልም ሳይዙ ተመለሱ። አሠልጣኙ ከዚያ በኋላ በሕይወት ለመኖሩ ያለን ማስረጃ የእርስዎ ስልክ ብቻ ነው። ይህ ስልክ ደግሞ የሚበላው ኤሌክትሪክ በኬብሉ ውስጥ ይመጣል። መብራት ሲጠፋ እሱም ይሞታል። ያን ምሽት የመለሰልዎት ሰው የለም፣ አባ።»

አባ ሽቦ ስልኩን ቀስ ብሎ ቦታው መለሰው።

«ይህን ትምህርት ተምረውታል» አለች መርማሪዋ። «እንዴት ተሳሳቱ?»

«በወረቀት ብትጠይቂኝ እመልስልሻለሁ። ግን ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጨለማ ሲሆን የማነሳው ስልክ ነው። የእኛ የመዳብ መስመር ኃይሉን ከስልክ ጣቢያው ይዞ ይመጣ ስለነበር፣ አገር ሁሉ ሲጨልም እሱ ይናገር ነበር። ደውዬ አልመለሰም ልል አስቤ አነሳሁት። ዝም አለኝ፣ ጩኸት እንኳ የለውም። እሷ አጠገቤ ናት፤ ደነገጥኩ። አፌ የራሱን ወሬ ቀጠለ።»

«ታች ምን ሆነ?»

«‹ለዚህ ፈተና አላቀርብዎትም፣ በሚቀጥለው ዙር› አለኝ። ለእኔ የሚቀጥለው ዙር የት አለ? ኮሌታውን ያዝኩት። ልገድለው አልነበረም።»

የሟቹ ሚስት በዚያ ረፋድ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

«ሲወድቅ ይተነፍስ ነበር?»

አዛውንቱ ወለሉን አየ። «አላየሁም፣ እመቤቴ። ወጣሁ።»

መርማሪዋ ወደ ጥሪ ማዕከል ሠራተኛዋ ዞረች። «አንቺስ ነገሩ መቼ ገባሽ?»

«ትናንት፣ ስለ ስልኩ ኃይል ሲጠይቁኝ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«እሳቸው ራሳቸው ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ።»

«እኔ ሲሚንቶ ላይ ተኝቼ?» አላት አማቹ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ለቁጣ የሚሆን አቅም አጥቶ ነበር። «አጠገብሽ ተቀምጬ የምራገምበትን ልምምድ አንቺ አልነበርሽም የምታርሚልኝ?»

ጠባቂው መብራቱን መለሰው፤ ስልኮቹ አንድ በአንድ በሩ። ፖሊሱ ካቴናውን ከአማቹ እጅ ፈትቶ ወደ አዛውንቱ ተራመደ። አባ ሽቦ ሳይጠየቅ ሁለት እጁን ዘረጋ።

ፈተናው በተቆረጠለት ቀን ተሰጠ። አማቹ ተፈትኖ አለፈ፤ የጥሪ ማዕከል ሠራተኛዋ አልቀረበችም።