አሸዋና ቅጠሉ

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። እሷ ማጭድም አላስፈለጋት፤ የመስኮት ፀሐይ በቃቻት።

አንድ የምርምር ክፍል ውስጥ ነበር የሚሠሩት። እሷ ረጃጅም እግር ያላቸውን የበረሃ ጥንዚዛዎች በደረቅ አሸዋ ታኖራለች፤ እሱ ደግሞ ድንቡሽቡሽ ያሉትን የጫካ ጥንዚዛዎች በበሰበሰ ቅጠል፣ ጠዋት ማታ ውሃ እየረጨ። ሥራቸው የሁለቱን አኗኗር ማነጻጸር ነበር። ጥንዚዛ እናነጻጽራለን ሲሉ ዓይን ለዓይን እየተጋጩ ፍቅር ገባ። የሥራ ጓደኞቻቸው እሷን «አሸዋ»፣ እሱን «ቅጠሉ» አሏቸው። ሊጋቡም ተስማምተው ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ፣ «ያንተዎቹ ቅምጥሎች ናቸው፤ ልክ እንዳንተ» ብላ ጎሸመችው። አኮረፈ። በነጋታው አባቷን ልታስታምም ሄደች፤ ሳይታረቁ።

ስትመለስ የሳጥኗ አሸዋ ርሷል፣ ሻግቷል። ጥንዚዛዎቿ በጀርባቸው ተገልብጠው አልቀዋል። የእሱ የውሃ መርጫ ከሳጥኗ አጠገብ ቆሟል። ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል? ለካ ቂም ይዞ ነው፣ አለች፤ ደሟ ፈላ።

የእሱን ሳጥን አንሥታ፣ ክዳኑን ከፍታ፣ የሚያቃጥለው መስኮት ላይ አስቀመጠችው። ወንበር ስባ፣ አገጯን በእጇ ደግፋ፣ ቅጠሉ ደርቆ እስኪንኮሻኮሽ፣ ጥንዚዛዎቹም እስኪያልቁ ተመለከተች። ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ከሰዓት በኋላ መጣ። ሳጥኑን አየ፣ እሷን አየ።

«ምን አደረጉሽ?»

«እነሱማ ምን ያደርጉኛል። አንተ የኔን በውሃ፣ እኔ ያንተን በፀሐይ። እኩል ነን።»

«ጠምቷቸው መስሎኝ እኮ ነው። አንቺ ስትቀሪ አሳዘኑኝ። ለኔዎቹ የማደርገውን አደረግሁላቸው።»

«የበረሃ ጥንዚዛ ውሃ ይረጭበታል እንዴ? ይህን ሁሉ ጊዜ አጠገቤ ተቀምጠህ ሳለ?»

«አንቺን ሳይ እነሱን መቼ አየሁ።»

ሳቋ መጣባት፤ ከንፈሯን ነክሳ ዋጠችው። ከአንጀቷ አዝናለች፤ ይቅርታ በማለት ፈንታ ግን ሳጥኑን ከመስኮቱ አነሣችው።

«አለቃችን ሁለታችንንም ያባርረናል» አላት።

«ይጮሃል፤ ጮሆ ሲደክመው ሌላ አምጡ ይለናል።»

እጇን ያዘ። አልነጠቀችውም። «እንግዲያው አብረን እንሂድ። መጀመሪያ ጫካ፣ ከዚያ ያንቺ በረሃ።»

«በረሃው ይቀድማል» አለችው። «አንተም ትንሽ ድረቅልኝ።»