ቀጥ ያሉት ሁለት ብሎኖች

የአናጺነት መምህሩ በትንሿ ቤት ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። አጠገቡ የወደቀውን መዶሻ፣ እጀታው በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለውን፣ በግቢው ውስጥ የማያውቀው ተማሪ አልነበረም። የአናጺነት ተማሪዋ መዶሻ ነው።

ልጅቷ መዶሻዋን ገና ከበሩ ለየችው። ገዳይ እንዳልሆነች ታውቃለች፤ ግን ማን ያምናታል?

የሙያ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ሥራ የሚለማመዱት ለቀድሞ ወታደሮች ባለ አንድ ክፍል ቤቶች እየሠሩ ነበር። ይቺ የመጀመሪያዋ ናት፤ አንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ሊገቡባት ቀን ይቆጥሩ ነበር። እንጨቱና ቀለሙ የልጅቷ፣ ኤሌክትሪኩ የታላቅ ወንድሟ፣ ቧንቧው ደግሞ ጓደኞቹ «ፍሳሽ» የሚሉት ልጅ ሥራ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ በግቢው የቀሩት እነዚህ ሦስቱና መምህሩ ብቻ ነበሩ።

መርማሪው አጭርና ቦርጫም ነው፤ ሲያዩት ዝንቡን እሽ የማይል ሰው ይመስላል።

«መዶሻው ያንቺ ነው፣ ልጄ?»

«የኔ ነው። ግን ግድግዳውን ቀብቼ ስጨርስ እዚሁ ትቼው ወጣሁ። እናቴ ትሙት! መምህራችን ቤቱን ሊያዩ ሲገቡ እኔ ስወጣ ተላለፍን።»

ፍሳሽ ሲጠየቅ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። «መምህሩ ቧንቧውን ሁለቴ አስፈርሰውኛል፣ አልዋሽም። ግን ለዚህ ሰው ይገደላል እንዴ? እንደሱ ቢሆንማ እዚህ ግቢ አንድ መምህር አይተርፍም ነበር።»

ወንድሟ በመጨረሻ ገባ። ልጅቷ ከውጭ ቆማ ትሰማ ነበር፤ ግድግዳው ስስ መሆኑን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

«እኔ ቀድሜ ሄጃለሁ» አለ። «እህቴ… ትንሽ ቁጡ ናት። ግን ክፉ ልጅ አይደለችም።»

ሊከላከልልኝ ፈልጎ አፉ አልታዘዝለት ብሎ ነው አለች ለራሷ።

መርማሪው ከሟቹ እጅ ካቻቪቴ አወጣ። ከዚያ እያቃሰተ ቁጢጥ እያለ ግድግዳውን ዞረ፤ የኤሌክትሪክ ምድጃው አጠገብ ካለው ሶኬት ሲደርስ ቆመ። ልጅቷም በበሩ በኩል አየችው። በሶኬቱ ክዳን ዙሪያ የትናንት ቀለሟ ተሰነጣጥቋል፤ የሁለቱ ብሎኖች ራስ ላይ ያለው የካቻቪቴ ማስገቢያ ደግሞ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

አናጺ አባታቸው ብሎን አጣሞ የተወን ልጅ እጁን ይመታ ነበር። በዚህ ግቢ ብሎንን ሳያቆም የማይተው ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንዷ እሷ ናት። ብትናገር ወንድሟን ታጣለች፤ ዝም ብትል ራሷን። ዝም አለች።

መርማሪው ሁሉንም ወደ ትንሿ ቤት ጠራ። ሃምሳ አለቃውም መጥተው ደጃፉ ላይ ወንበራቸውን አቆሙ።

«አናጺ ቤቱን ሊያይ ሲመጣ ካቻቪቴ ምን ያደርግለታል?» ሲል መርማሪው ጀመረ። «የሚፈታው ነገር ነበረዋ! ቀለሙ የተሰነጠቀው ይሄ ክዳን ላይ ብቻ ነው። ሟቹ ከፈተው፤ መልሶ ሊዘጋው ግን አልቻለም። የዘጋው ገዳዩ ነው። የፍሳሽን ብሎኖች አይቻለሁ፤ እያንዳንዱ የየራሱን አገር ያያል። እነዚህ ቆመዋል።»

ሁሉም ወደ ልጅቷ ዞረ። ወንድሟም ዞረ።

«እኔ…» አለች።

«አንቺማ ብትሆኚ ስንጥቁን በብሩሽ ትደፍኚው ነበር፤ ቀለሙ እግርሽ ሥር ነበር። ደግሞ በቤቱ ያሉት ማብሪያ ማጥፊያዎች ሁሉ ብሎናቸው እንዲሁ የቆመ ነው። እነሱን ያሰረው ማነው?» መርማሪው ክዳኑን ፈታ። «የመሬት ሽቦ የለም፤ ምድጃው ኤሌክትሪክ ቢያፈስ ወደ መሬት የሚወስድለት ነገር የለም። ሃምሳ አለቃ፣ በዚህ ብረት ወንበር ተቀምጠው ምድጃውን ቢነኩ ኖሮ የምናነሳው እርስዎን ነበር። ታዲያ ይሄ እንዳይታይ የሚፈልገው አናጺዋ ናት ወይስ ኤሌክትሪኩን የሠራው?»

«ረስቼው ነው!» ብሎ ወንድሟ ጮኸ። «ግድግዳው ተቀብቷል፣ ይለፉኝ ብዬ ለመንኳቸው። ሁሉንም አፍርስ፣ አለዚያ ትባረራለህ አሉኝ። እጄ ቀደመኝ።»

«እኔ ለቤት ብዬ ሰው ይሙት አላልኩም» አሉ ሃምሳ አለቃው።

ልጅቷ ወደ ወንድሟ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ወንድም ጋሼ፣ ሁለት ብሎን ለማቅናት ጊዜ ነበረህ። መዶሻዬን ለማንሳት ግን ጊዜ አጣህ?»

አቀረቀረ። «ሴት ነሽ… ለሴት ዳኛ ይራራል ብዬ ነው።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ እጁን ዘረጋላት። እሷ ወደ ኋላ እየሸሸች ጀርባዋ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ መኪናው ከግቢው እስኪወጣ ድረስም ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም።