የደረሳ ላም

የፖሊስ መርማሪው ሻምበል ወልደዮሐንስ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ አፍንጫውን ያዘ። የሸተተው ሬሳው አልነበረም፤ ሰውየው ከሞተ ገና አንድ ሌሊት ነው። የሚከረፋው የረጠበ ገለባና የሰው ሽንት ነበር።

ዘመኑ 1971 ዓ.ም. ነው። ቤቱ ነቀምት፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ ከኦጋዴን የተመለሱ ቁስለኞች የሚያገግሙበት ነው። ሟቹ ደረሳ የሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። እንቅልፍ ለነሣቸው ወታደሮች ብሎ በጓሮው ክፍል ውስጥ የአርጆን የእርሻ መንደር ፈጥሮላቸዋል። በሽተኛው ወንበር ላይ ይቀመጥና ሁለት መስታወት የተገጠመለት ሣጥን ዓይኑ ላይ ይታሰርለታል። ውስጡ ያሉት ጥንድ ፎቶግራፎች ማሳውንና በሬዎቹን በእጅ የሚነኩ ያህል ያቀርቡለታል። በማዳመጫው ከካሴት ላም ስትታለብ፣ ስታመሰኳ፣ ስትተነፍስ ይሰማል። አጠገቡ በገለባ የተሞላ የላም ቆዳ ቆሟል፤ ሆዱ ውስጥ ሙቅ ውኃ የያዘ ጣሳ ይቀመጣል።

«ከላሟ ጋር ተንፍስ» ይል ነበር ደረሳ በለሆሳስ። ሲጮኹ የሚያድሩ ወታደሮች እዚያ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸው ጀመር።

አሁን ራሱ ደረሳ እዚያው ወንበር ላይ ሞቷል። ሣጥኑ ዓይኑ ላይ ታስሯል፤ ማዳመጫውም ጆሮው ላይ ነው። በላሟ ሆድ ውስጥ የተገኘው ግን ጣሳው ሳይሆን ከሰል ያመደበት ምድጃ ነው። መስኮቱ በጨርቅ ተወትፏል።

«ከሰሉ ነው ያፈነው» አለ ዘበኛው ባቻ። «ኦቦ ደረሳ ደግሞ እሳት የሚባል ነገር እዚህ አያስገባም ነበር። ገለባ ነው ብሎ ይቆጣናል።»

ሻምበሉ የወንበሩን ክንዶች ጎንበስ ብሎ አየ። ገመድ ፍቋቸዋል። የሽንቱ ነገር ያኔ ገባው።

«ቁስለኛ ታስራላችሁ?»

የቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ ነመራ በሩ ላይ ቆሞ ሸንኮራ ያኝካል። ምጣጩን ከሬሳው እግር አጠገብ ተፋው።

«እስረኞችም ይመጣሉ፣ ጓድ ሻምበል። ሰው ሲገረፍ አፉን ይዘጋል። እዚህ ሲቀመጥ ግን እናቱ ቤት የገባ ይመስለዋል። ሲለሰልስ እንጠይቀዋለን።»

«ደረሳ ያውቅ ነበር?»

«በሽተኞች ናቸው ብለነው ነበር። ትናንት ማታ ግን እውነቱን ሰምቶ፣ ካሴቶቹን በሙሉ አቃጠልኳቸው ብሎ ጮኸብኝ።»

«እኔ ነኝ የነገርኩት» አለ ባቻ መሬት መሬት እያየ። «ክብሪቱንም ያቀበልኩት እኔው ነኝ።»

ሻምበሉ ነርሷን ሐረግወይንን መተላለፊያው ላይ አገኛት። ዓይኗ አልቀላም።

«ሲስተር፣ መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«ራት ላይ ወተት ሰጠሁት። ወደ መኝታዬ ስሄድ በመስኮቱ ሥር አለፍኩ። የላሟን መታለብ እያዳመጠ ነበር፤ ድምፁን ሰምቻለሁ።»

ሻምበሉ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ወንበሩ አጠገብ የቀረውን የወተት ኩባያ አሸተተ፤ አተላውን በጣቱ ጫፍ ቀመሰና ምሬቱን ከምላሱ በመሐረብ ጠረገ። ከዚያም ሣጥኑ የታሰረበትን ጨርቅ ለረጅም ጊዜ ሲመለከት ቆየ።

ከቀትር በፊት ሦስቱንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ደረሳ እዚህ የገባው ሊያርፍ አይደለም» አለ። «ኪሱ ውስጥ ፒንሳና መፍቻ አለ። የሠራውን ሊያፈርስ ነበር። ወተቱ ውስጥ የማስተኛ መድኃኒት ስለነበረ ሥራውን ሳይጀምር ደከመው። ከዚያ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ አስቀምጦት፣ ምድጃውን በላሟ ሆድ ውስጥ ከትቶ መስኮቱን ወተፈ፤ እንደ ልማዱ ሲያዳምጥ የሞተ እንዲመስል ማዳመጫውን አደረገለት። ግን ምን ሊያዳምጥ? ካሴቶቹ ተቃጥለዋል። ይህን ነመራ ያውቃል፤ ባቻም ያውቃል። የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ሁሉም ወደ ሐረግወይን ዞሩ።

«ያልነበረ ድምፅ ሰማሁ አልሽኝ። ቢኖርም ከማዳመጫ ወጥቶ መስኮት አያልፍም። ደግሞ ራሱ ያሰረ ሰው ከማጅራቱ ላይ ይቋጥራል። ይህ ቋጠሮ ከጆሮው በላይ፣ በጎን ነው። ቁስለኛውን ጋደም ሲል እንዳይቆረቁረው ብላ ነርስ የምታስረው አስተሳሰር ነው።»

ሐረግወይን አልካደችም።

«ተድላ ታናሽ ወንድሜ ነበር» አለች። «ሲገርፉት ዝም አለ። እዚህ ሲያስቀምጡት የጓደኞቹን ስም ሁሉ ዘረገፈ። ከእነሱ ጋር ረሸኑት። ይህችን ላም የሠራ ሰው ምን ፍርድ ይገባዋል?»

«ካሴቶቹን ያቃጠለው የተድላን ነገር ሰምቶ ነው» አለ ባቻ ቀስ ብሎ። «ሳለቅስ አየኝና ጠየቀኝ። እያለቀሰ ነው ክብሪቱን የጫረው።»

ሐረግወይን ገለባው ላይ ተቀመጠችና አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ነመራ ጣቱን እየላሰ፣ «ጥሩ ሠርተሃል፣ ጓድ» አለ። «ክፍሉን አስጠርገዋለሁ። ሌላ ቴክኒሻን ከአዲስ አበባ ይላክልናል።»

ሻምበሉ ፊቱን አየው፤ ከአገዳው የወረደው ዝልግልግ ውኃ አገጩ ላይ ደርቋል። ይህን ሰው የሚያስርበት ሥልጣን እንደሌለው ሁለቱም ያውቃሉ።

«አይጠረግም» አለ። «ወንበሩ፣ ሣጥኑ፣ ላሟ፣ ሁሉም ኤግዚቢት ነው። ክፍሉ ይታሸጋል።»

«እስከ መቼ?»

«መዝገቡ እስኪዘጋ። መዝገቡን የምዘጋው ደግሞ እኔ ነኝ።»

የነመራ ፈገግታ ቀስ በቀስ ጠፋ። ሻምበሉ ሐረግወይንን ደግፎ አስነሣት፤ ካቴናውን አላወጣም። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«ሲሞት አሞት ነበር?»

«አልተሰማውም፤ ተኝቶ ነበር» አላት።

በሩን ዘግቶ የማሸጊያውን ሰም አቀለጠና በማኅተሙ ተጫነው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ጥግ ሄዶ፣ በእጁ ግድግዳውን ተደግፎ አስታወከ።