ግራሶ የማይነካው ቀለበት

ሙህዲን እንደ ወትሮው ከሱብሂ ሶላት መልስ «ቢስሚላህ» ብሎ ወፍጮውን አስነሳ። ዘንጉ ከቦታው ዘሎ ወጣ፤ የተበጠሰው የሞተሩ ቺንጋ አናቱን መታው። የከሚሴ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል፤ ገበያው ገና ሳይሞላ «የሚስራ ፕላስቲክ ገደለው!» ተባለ።

ሚስራ ወሬውን ሰምታ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጠች። ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ጥቁር ቀለበት ዩኒቨርሲቲ ሳለች የሠራችው እሷ ናት፤ ከፕላስቲክ ጋር ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ የካርቦን ናኖቱዩቦች ደባልቃ። ፍትጊያ ይችላል ብላ ስትለምን አምኗት ወፍጮው ላይ ያስገጠመው ሙህዲን ብቻ ነበር። እስር ቤት ያስፈራታል፤ እሷ ገድላው መሆኑ ግን የበለጠ ያስፈራታል።

ከቀብር መልስ ኢንስፔክተር ረቢአ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ሚስራን፣ ወፍጮው ላይ ተቀጥሮ የሚሠራውን አደምንና የሟቹን ታናሽ ወንድም ሙሐመድዘይንን። የበሩ ቁልፍ ያላቸው ሁለቱ ወንዶች ናቸው።

«ወላሂ አልነካሁትም!» አለ አደም። ሙህዲን ሊያባርረው እንደነበር ሁሉም ያውቃል።

«እኔ ባቲ ግመል ስሸጥ ሰንብቼ ትናንት ማታ ነው የገባሁ» አለ ሙሐመድዘይን። «ቀለበቱን በወሬ እንጂ በዓይኔ አላየሁት።»

ረቢአ የተሰበረውን ቀለበት አነሳች። «ሚስራ፣ በሥራ ብዛት ቢያልቅ ጭረቱ ወዴት ይሄዳል?»

«ዙሪያውን... ዘንጉ እንደሚዞረው።»

«ይሄ ግን በቁመቱ ነው የተጫረው።»

ሚስራ ጠጋ ብላ አየችው። የሞረድ ጥርስ ነው። ቀለበቱን ሞርዶ ያሳሳው ሰው አጠገቧ ቆሟል።

ረቢአ ሚስራ የሠራችውን መለዋወጫ ቀለበት ለሙሐመድዘይን አቀበለችው። «አንተም የወፍጮ ልጅ ነህ፤ እስቲ ግጠምልኝ።»

ተቀበላት። ጣቱ ሳያስበው አጠገቡ ባለው የግራሶ ቅባት ቆርቆሮ ውስጥ ገባ።

«ኧረ ግራሶ አይነካውም!» ጮኸ አደም።

«ለምን?» አለች ረቢአ ወደ ሚስራ ዞራ።

«ደረቁን ነው የሚሠራው። ከራሱ ስስ ጥቁር ሽፋን ዘንጉ ላይ ይለጥፋል፤ እሱ ያለሰልሰዋል። ግራሶ ዱቄትና አቧራ ይይዝበታል።»

«የተሰበረው ግን ተሞርዶ ሲመለስ ግራሶ ተቀብቷል። ሙህዲን፣ አደምና አንቺ አትቀቡትም፤ ታውቃላችሁ። ቀለበቱ ፕላስቲክ መሆኑን በወሬ ሰምቶ፣ ግራሶ እንደማይነካው ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው። ወፍጮው ይሸጥ እያለ ከወንድሙ የተኳረፈ፤ ጠዋት የሚያስነሳው ሙህዲን መሆኑንም የሚያውቅ።»

ሙሐመድዘይን የተቀባ ጣቱን አየ። «አባታችን ነው ያስተማረን» አለ። «ዘንግ ሳትቀቡ እንዳትገጥሙ ብሎ። ሁለታችንንም።»

ከለቅሶው በኋላ አደም በመለዋወጫው ቀለበት ዘንጉን ገጠመ። ማስነሻውን ለመጫን ግን እጁ እንቢ አለው። ሚስራም ፈራች። ሙህዲን የቆመበት ቦታ ላይ ቆመች፣ «ቢስሚላህ» አለችና ዓይኗን ጨፍና ማስነሻውን ተጫነችው።

ወፍጮው ተነሳ።